ቅርጾችን ስናዋህድ ጥቃቅን ዝርዝሮች እንዳይጠፉ

[በስክሪኑ ላይ፦ ከላይ የታየ የሐረር ስፌት ክዳን ንድፍ፤ ከሥሩ «የስፌት ቤት» የሚል ጽሑፍ]

ይህ ኢንክስኬፕ በተባለ የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ንድፍ በሐረር ጁገል ውስጥ ባለ ሱቅ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር እንዲሆን የታሰበ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ጫፍና ጫፋቸው እየተነባበረ ይዞራሉ። የስቲከር መቁረጫው ማሽን የቅርጾችን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ በመሆኑ፣ ቅርጾቹ እንደተደራረቡ ከተላኩለት ምላጩ መሆን በሌለበት ቦታ ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ ተደራራቢዎቹን ወደ አንድ ቅርጽ ማዋሃድ ግድ ነው። ሆኖም ንድፉ ትንሽ ሆኖ ሲዋሃድ የሦስት ማዕዘኖቹ ሹል ጫፍ ይደንዛል፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን ክፍተትም ይደፈናል።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ቤ» የሚለው ፊደል ጎልቶ]

በጽሑፉ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ሥር ያለው ትንሽ ቀለበት ነው፤ የቀለበቱ ቀዳዳ ከተደፈነ በመንገድ የሚያልፍ ሰው «ቤት» የሚለውን «ቢት» ብሎ ሊያነበው ይችላል። የአማርኛ ጽሑፍ ባለበት ሥራ ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ይህ ቀለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ በስሌቱ ውስጥ ነው። የቬክተር ሥዕል የሚቀመጠው በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ ኩርባዎች ነው። ዩኒየን የሚለውን የማዋሃጃ ትእዛዝ ስንሰጥ ፕሮግራሙ ኩርባዎቹ የሚቋረጡባቸውን ቦታዎች ፈልጎ አዲስ ጠርዝ ያበጃል። ኪዩቢክ ቤዚየር ከሚባሉት ከእነዚህ ኩርባዎች ሁለቱ እስከ 9 ቦታ ድረስ ሊቋረጡ ስለሚችሉ ፍለጋው የሚከናወነው በተቀራራቢ ስሌት ሲሆን፣ የነጥቦቹም መገኛ ወደ አንድ ቋሚ እርከን ይጠጋጋል። ሥዕሉ ቢያንስም ቢተልቅም እርከኑ አይለወጥም። በ20 ሴንቲሜትር ንድፍ ላይ ዓይን የማያየው መጠጋጋት፣ ያው ንድፍ 2 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲዋሃድ ከሥዕሉ አንጻር 10 እጥፍ ይገዝፋል።

እንግዲህ መፍትሔው ንድፉን አግዝፎ ማዋሃድ፣ ከዚያ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የትራንስፎርም ሰሌዳ]

አስቀድመን ጽሑፉን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ወደ ፓዝ፣ ማለትም በነጥቦችና በኩርባዎች ወደ ተሠራ ቅርጽ፣ እንለውጣለን። የመስመር ውፍረት ያላቸውንም ስትሮክ ቱ ፓዝ በሚለው ትእዛዝ እንለውጣለን፤ ዩኒየን የመስመርን ውፍረት ከቁም ነገር አይቆጥርምና። ከዚያ የሁሉንም ቅጂ በሌላ ሌየር (የሥዕል ንብርብር) አስቀምጠን እንቆልፈዋለን። ቀጥሎ ሁሉንም መርጠን በትራንስፎርም ሰሌዳ ስፋቱንም ቁመቱንም 1000 በመቶ እናደርጋለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እያንዳንዱን ቅርጽ ለየብቻው የሚለው ምልክት መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን በራሱ መሃል ዙሪያ ይገዝፍና ንድፉ ይፈራርሳል። አሁን በኮንትሮልና በፕላስ እናዋህዳለን፤ ውጤቱንም 10 በመቶ አድርገን እንመልሰዋለን።

ማንኛውንም ነገር ማዋሃድ ግን አያስፈልግም። እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ቅርጾችን አንድ ላይ ለመያዝ ኮምባይን ይበቃል፤ ኮምባይን አዲስ ጠርዝ ስለማያሰላ ነጥቦቹ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። የተዋሃደውን ለማቅለል ተብሎ ነጥቦችን የሚቀንሰውን ሲምፕሊፋይን መጫንም የዳነውን ዝርዝር መልሶ ያጠፋዋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቀይና ጥቁር ተደራርበው]

ውጤቱን ለመፈተሽ የተቆለፈውን ቅጂ ከፍተን ቀይ እናደርገውና ከተዋሃደው ሥር እናስቀምጠዋለን። በጠርዙ ብቅ የሚል ቀይ ካለ በዚያ ቦታ የተቆረጠ ዝርዝር አለ ማለት ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ቀዩን ከሥሩ ይሸፍነዋልና። ስለዚህ ቀለሙንም ቅደም ተከተሉንም እንገለብጣለን፦ የተዋሃደው ቀይ ሆኖ ከሥር፣ ቅጂው ጥቁር ሆኖ ከላይ። በ«ቤ» ቀለበት ውስጥ ቀይ ከታየ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ እንግዲያው ከቅጂው ተነሥተን፣ ከ1000 በመቶ ይልቅ 5000 በመቶ አግዝፈን እንደገና እናዋህዳለን።