ሰኔ ድንገተኛ አይደለም

የተከበራችሁ የግዥ፣ የንብረትና የኦዲት ባለሙያዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

አስተባባሪዎቹ ስለ ግዥ ሕጋችን ታሪክ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እሱን ቶሎ ልጨርሰው። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበረን፤ በ1333/2016 ተተካ፤ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም ገባ። የቀረውን ጊዜዬን «በአስቸኳይ» ለምትባለው ቃል ልሰጣት ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁ አብራችሁኝ ስለሠራችሁ አትደነቁም።

ያኔ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ሰኔ 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን አስጠሩኝ። ስገባ ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጄኔሬተር ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ ይገዛ ይላል፤ ምክንያቱም «ክረምት በመግባቱና መብራት በተደጋጋሚ በመቋረጡ በአስቸኳይ ስለሚያስፈልግ»። ክረምት በመግባቱ! ክረምት እኮ ለእኛ መሥሪያ ቤት ብሎ በድንገት የመጣ እንግዳ አይደለም።

ጄኔሬተሩ በዓመቱ የግዥ ዕቅድ ውስጥ ነበር። ስፔሲፊኬሽኑ ጥቅምት ላይ ለፊርማ እሳቸው ቢሮ ገብቶ፣ ስምንት ወር እዚያው ከርሟል። የገባበት ቀን በደብተር ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። «እህቴ፣ ሰኔ 30 እኔንም አንቺንም አይጠብቅም። በጀቱ ተመላሽ ከሆነ ለሚመጣው ዓመት ማን ይሰጠናል?» አሉኝ።

ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ፈረምኩም።

ሰኔ 29 ደግሞ ክፍያው እንዲወጣ ሞዴል 19፣ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ ማለት ነው፣ ተፈለገ። ዕቃው ገና ከአቅራቢው መጋዘን አልወጣም። የንብረት ክፍላችን ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ያላየሁትን ዕቃ ተረክቤያለሁ ብዬ ልፈርም?» አሉ። በማግሥቱ የዓመት ፈቃድ እንዲወጡ ተደረገ፤ ሞዴሉን ሌላ ሰው ቆረጠው።

ጄኔሬተሩ ጳጉሜን ላይ መጣ። የሚያርፍበት ኮንክሪት አልተሠራም፤ ኬብሉም በግዥው ውስጥ አልተካተተም። ከነላስቲኩ ከጥበቃ ቤቱ ጎን ተቀመጠ። ሁለት ክረምት ወረደበት። ጥበቃው ካፖርቱን ያሰጣበት ነበር። መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ አብርተን በመስኮት እናየዋለን።

ወገኖቼ፣ ሰኔና ሰኞ ሲገጥም ሰው ይፈራል። በእኛ ቤት ግን ሰኔ ሰኞን አይጠብቅም፤ ብቻውን ይበቃል። ግርግር ለሌባ ያመቻል እንላለን፤ እኔ ያየሁት ግን ግርግሩ ራሱ ከጥቅምት ጀምሮ ሲሰናዳ ነው። ፋይል ስምንት ወር አስተኝቶ ሰኔ ላይ «እሳት ተነሣ!» ብሎ የሚጮህ ኃላፊ፣ መጀመሪያ ክብሪቱ በማን ኪስ እንደነበር ይጠየቅ!

በ649 ጊዜ፣ መዘግየቱ ከባድ ችግር ያስከትላል፣ ስለዚህ አስቸኳይ ነው ብሎ የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር። ያዘገየውም እሱ፣ አስቸኳይ ነው ያለውም እሱ፣ በቀጥታ ይገዛ ብሎ የፈረመውም እሱ! እኛ ኮሚቴዎቹስ? እኛ ወረቀቱን እናሳምራለን። በዚህ አዳራሽ እንደኔ ያሳመረ ካለ ቀና ብሎ አይየኝ፤ አላሳፍረውም።

አስቸኳይ የሚባል ነገር የለም አላልኩም። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ፣ ለሐኪም የእጅ ጓንት ግልጽ ጨረታ አውጥታችሁ ሳጥኑ እስኪከፈት ጠብቁ የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም። ግን እውነተኛ አስቸኳይ በሆነበት ቀን እንኳ ምን እንደሚደረግ ከእንግሊዞች እዩ። የኦዲት መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ባወጣው ሪፖርት፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ከተዋዋሉት 18 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ 10.5 ቢሊዮኑ ያለ ውድድር የተሰጠ ነበር። በባለሥልጣናት ጥቆማ በልዩ በር ከገቡት አቅራቢዎች ከ10 አንዱ ውል አገኘ፤ በዋናው በር ከተሰለፉት ከ100 አንድም አልሞላም። ይህ ሁሉ የተጻፈው ወረርሽኙ ገና እያለ ነው። በእኛ ቤት ኦዲተር የመጣው ጄኔሬተሩ ከዛገ በኋላ ነው።

የእኛ ዋና ኦዲተር ሥልጣኑን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ያገኘ ነው፤ ለምክር ቤትም ሪፖርት ያቀርባል። ሕግን ያልተከተለ ግዥ የሚለው ርዕስ ግን እንደ መስቀል በዓል ተመላልሶ ይመጣል። እናነባለን፣ እናዝናለን፣ ሐምሌ 1 አዲስ በጀት እንቀበላለን። ማነው ከኪሱ ያስመለሰው? ማነው ከወንበሩ የተነሣው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ የተጻፈ ዕቃ ሰኔ ላይ አስቸኳይ አይባል። አስቸኳይነቱን የሚወስነው ግዥውን ካዘገየው ሰው ውጭ የሆነ አካል ይሁን። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀንና የሚገዛው ብዛት ይጻፍበት፤ ውሉም ወዲያው ለሕዝብ ይለጠፍ። ስለ ግዥ ሠራተኛ ደመወዝና ሥልጠናም ላነሣ ነበር፤ ሰብሳቢዋ ሰዓት እያሳዩኝ ነው፤ ደመወዙን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ። ሻይ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። የመሥሪያ ቤቱንና የሌሎቹን ስም በወረቀት ሸፍኜዋለሁ። ከታች ሦስተኛዋ ፊርማ የኔ ናት፤ እሷን አልሸፈንኳትም።