የከፈልንበት ጌም በእጃችን ይሁን

አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። እንደምን ዋላችሁ።

ወላጆች፣ የወጣት ማዕከሉ አስተባባሪዎች፣ እናንተም ሳምንቱን ሙሉ ጆይስቲክ ጨብጣችሁ የከረማችሁ የጅማ ልጆች፣ እንኳን ለፍጻሜው ቀን አደረሳችሁ። አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ቃል ይበሉልን» ሲሉኝ እሺ አልኩ፤ ወረቀት ላይም ጽፌ መጣሁ። መጀመሪያ ምስጋናዬን ላድርስ። ቴሌቪዥን ከየቤታችሁ ተሸክማችሁ ላመጣችሁ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተር ሲያስነሱልን ለነበሩት ጎረቤቶቻችን፣ ሳያዳሉ ለዳኙት ልጆች፣ ቡና ላፈሉልን እናቶች፣ እግዜር ይስጥልን። ገለቶማ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

አብዛኞቻችሁን ከልጅነታችሁ ጀምሮ አውቃችኋለሁ። ፈረንጅ አራዳ ያለችው ጌም ቤቴ ውስጥ «ተሸናፊ ይነሳ» እየተባባላችሁ ነው ያደጋችሁት። ያኔ ጌም የሚመጣው በፍላሽ ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ ያመጣል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ በማግስቱ ከጅማ መርካቶ እስከ ኮቺ ይዳረሳል። ማን ሠራው፣ ማን ይሸጠዋል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። ብዙዎቻችሁ ገዝታችሁ መጫወት ጀምራችኋል። እኔ በዚህ እኮራባችኋለሁ። ጌም ለሚሠራው ሰው እንጀራው ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኮድ መጻፍ የሚማሩት ልጆቻችንም ነገ የራሳቸውን ሠርተው ገዢ ይፈልጋሉ።

ግን እዚህ ሆኖ አንድ ጌም መግዛት ምን ያህል መከራ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የብር ካርዳችን የውጭ ሱቅ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ዱባይ ያለች እህት ትለመናለች። አሜሪካ ያለ አጎት ይለመናል። እሱም ካልተገኘ ቴሌግራም ላይ ጊፍት ካርድ ከነትርፉ ይገዛል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 20 ዶላር የሚሸጥ ጌም ከ1,200 ብር በታች ነበር፤ ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ይህ የተማሪ የኪስ ገንዘብ አይደለም። ለአንዳንድ ቤት የወር አስቤዛ የሚደጉም ብር ነው።

ይህን ያህል ተለምኖ፣ ይህን ያህል ተከፍሎበት የመጣ ጌም ገዢው እጅ ላይ መቀመጥ አለበት። ሻጩ በፈለገ ጊዜ የሚዘጋው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር መሆን የለበትም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው።

የ2012ን ክረምት አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ያኔ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።

እህቱ ከዱባይ አንድ ትልቅ ጌም ገዝታለት ነበር። ብቻውን የሚጫወተው ነው፤ ከማንም ጋር በኢንተርኔት አይገናኝም። 40 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። እኔ ቤት እየመጣ፣ የሌሊት ፓኬጅ እየጠበቀ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ አወረደው። ያለቀለት ቀን ደስታው ለጉድ ነበር፤ ጓደኞቹን ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፑ አልነሳም አለ። ከፍቼ ሳየው ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። ሌላ ቀየርኩለት፣ ዊንዶውስ ጫንኩለት። ልጁ ብልህ ነው፤ ጌሙን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀርቶት ነበር። መልሰን ገለበጥነው። አንድም ፋይል አልጎደለም።

ከፈተው። ስክሪኑ ጠቆረና መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ጽሑፍ መጣ፤ ጌሙ የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ ይላል። ኢንተርኔት ከየት ይምጣ? ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ያችው ክብ። ኦፍላይን የሚለውን ነካው። እሱም መጀመሪያ አንዴ ኦንላይን ይግቡ አለው። ልጁ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ጌሙ እኮ እዚሁ አለ» አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ጌሙ እዚያው፣ ዓይናችን ሥር ነበር።

በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ሌላ ጌም ነበረው። አጎቱ ጎግ ከሚባለው ሱቅ የገዛለት ነው። ከዚያ ሱቅ የሚወርደው ሙሉ መጫኛ ፋይሉ ነው። ፋይሉን ሁለቴ ነካነው። የት ልጫን ብሎ ጠየቀ፣ ተጫነ፣ ተከፈተ። ማንንም አላስፈቀደም። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ደጅ አያስወጣም። ኔትወርክ እስኪመለስ የሰፈሩ ልጆች በየተራ የተጫወቱት እሱን ነው። ያ ብዙ የተከፈለበት ትልቁ ጌም ግን እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ያችን ክብ የምታዞረው ዲአርኤም የሚባለው ቁልፍ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጌሙ ሲከፈት፣ ወይም አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን፣ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ይነጋገራል። ሰርቨሩ ይህ ሰው ከፍሏል ካለ ይከፈታል። ሰርቨሩ ካልተገኘ፣ ወይም ኩባንያው ሰርቨሩን ካጠፋው፣ አይከፈትም። ወገኖቼ፣ እኛ የበርጩማ ከተማ ልጆች ነን። አናጺው ሂሳቡን ተቀብሎ በርጩማውን ያስረክበናል። ማታ በራችንን አንኳኩቶ «ልትቀመጡበት ስለሆነ መጀመሪያ እኔን አስፈቅዱ» አይልም። ቢል ምን እንደምንለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ ለጌም ሲሆን ለምን ዝም እንላለን?

ይህ የእኛ የኔትወርክ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩቢሶፍት የሚባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም አወጣ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሰው በገንዘቡ ገዛው። ጌሙ ብቻችሁን ስትነዱም ከሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ጌሙም በዚያው ሞተ። ከዚያ አልፎ ከገዢዎቹ አካውንት ላይ ፈቃዱን ማንሳት ጀመሩ። ሰዎቹ ኒውዮርክም ይኑሩ ፓሪስ፣ ፋይበር ኢንተርኔት ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ምንም አልጠቀማቸውም። ዲስኩን በእጃቸው የያዙት እንኳ የቀራቸው ፕላስቲክ ነው። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር በዚህ ተቆጥቶ ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ ጀመረ። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው አቤቱታ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቷል። ስለዚህ ብቻችንን አይደለንም።

«ቁልፍ ባይኖር ሁሉም ይሰርቃል» የሚል አለ። ይህን ክርክር ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። እዚህም ጀርባዬ ላይ የሚያንሾካሹክ አይጠፋም። እስቲ እንነጋገር። ክራክ የተደረገውን የሚያወርደው ልጅ ያችን ክብ አያያትም። ቁልፉ ተነቅሎለት ነው የሚደርሰው። መብራት ካለ ይጫወታል። ክቧን የሚያያት ማን ነው? የከፈለው ነው! እህቱን የለመነው ነው! ሌሊት ተቀምጦ ያወረደው ነው! ሌባው በሰፊው በር ይገባል፤ ባለቤቱ ደጅ ቆሞ መታወቂያ ይጠየቃል። ይህ ሌባ መከላከል አይደለም። ሐቀኛውን ሰው መቅጣት ነው። እኔ ይህንን አልቀበልም!

ያለ ቁልፍ መሸጥ እንደሚቻል ደግሞ በተግባር ታይቷል። ጎግ የፖላንድ ሱቅ ነው። የመሠረቱት ሲዲ ፕሮጄክት የሚባለው የጌም ኩባንያ ሰዎች ናቸው። ታሪካቸው ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማርቺን ኢቪንስኪና ሚሃው ኪቺንስኪ የዋርሶ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ጊዜ ፖላንድ ውስጥ ጌም የሚሸጠው በአደባባይ ገበያ ነው፤ ሁሉም የተገለበጠ። በሕግ የሚገዛ የለም ማለት ይቻላል። የእኛን መርካቶ በሲዲ ዘመን ያያችሁ መገመት አያቅታችሁም። ሁለቱ ልጆች በ1994 ኩባንያቸውን አቋቋሙ። በ1999 ባልዱርስ ጌት የሚባለውን ጌም ሲያመጡ ቁልፍ በማብዛት አልነበረም ከገልባጮቹ ጋር የተወዳደሩት። በፖላንድኛ አስተረጎሙት፤ ድምፁን ታዋቂ ተዋንያን እንዲሰጡት አደረጉ። ሳጥኑ ውስጥ ካርታና መጽሐፍ ጨመሩ። ከገበያው የሚገለብጥ ሰው ይህንን ሁሉ አያገኝም። ሕዝቡ ገዛ። ነጻ ቅጂ በየመንገዱ የሞላበት ሀገር ገንዘቡን አውጥቶ ገዛ!

ያንን ትምህርት ይዘው በ2008 ጎግን ከፈቱ። መጀመሪያ የድሮ ጌሞችን አዲስ ዊንዶውስ ላይ እንዲሠሩ እያስተካከሉ ሸጡ። በኋላ የራሳቸውን አዳዲስ ሥራዎችም ጨመሩ። ዘ ዊቸር 3 በ2015 ሲወጣ ጎግ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ቁልፍ ነበር። የፈለገ በፍላሽ ገልብጦ ለመንደሩ ማደል ይችል ነበር። ያ ጌም ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ይከስራል የሚለኝ ሰው ይህንን ያስረዳኝ።

አሁን ስለ ሱቆቹ። ስቲም ከ2003 ጀምሮ አለ። ኤፒክ በ2018 ሱቁን ሲከፍት ስቲም ከጌም ሠሪው የሚቆርጠው በመደበኛው 30 በመቶ ነበር፤ ኤፒክ 12 በመቶ ብቻ እቆርጣለሁ ብሎ ገባ። በየሳምንቱም ነጻ ጌም ይሰጣል። ኢች ዶት አይኦ ደግሞ የትናንሾቹ ሠሪዎች መናኸሪያ ነው፤ እዚያ የሚገኘው አብዛኛው ያለ ቁልፍ ነው። መወዳደራቸው ጥሩ ነው፣ ዋጋ ይወርድልናል። ግን ትልልቆቹ የሚሻኮቱት በኮሚሽንና በቅናሽ ነው። ጌሙ በማን እጅ ይሁን በሚለው ላይ አይደለም። እዚያ ላይ እንዲወዳደሩ የምናደርጋቸው እኛ ገዢዎቹ ነን። ያው አንድ ጌም ሁለት ሱቅ ላይ ካለ፣ አንደኛው መጫኛ ፋይሉን ከሰጠኝ፣ ለእሱ ነው የምከፍለው። ዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳ።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ስቲም ላይ ያለው ሁሉ የተቆለፈ አይደለም። መቆለፍ አለመቆለፍ የሠሪው ውሳኔ ነው፤ አንዴ ከወረዱ ስቲም ሳይከፈት የሚሠሩ ብዙ አሉ። ጎግም ቢሆን በውሉ የሚሰጣችሁ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ልዩነቱ ፋይሉ ቤታችሁ መሆኑ ነው። ሱቁ ነገ ቢዘጋ የዛሬው ሃርድ ዲስካችሁ አይዘጋም።

ወላጆች ደግሞ ይህንን ስሙ። የስቲም አካውንት በውሉ መሠረት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። አባት ለልጁ አያወርሰውም። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሱቆች ለገዢው የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ከክፍያው በፊት በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዷል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መናገር ብቻውን ጌሙን አይመልስም።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ያለ ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ እንዳለ እዩ። ከገዛችሁ በኋላ መጫኛ ፋይሉን ያኔውኑ አውርዱ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አካውንቱ ላይ አለ ብላችሁ አትዘናጉ። ለሰፈር ግን አትገልብጡት፤ አምኖን ሳይቆልፍ የሸጠን ሰው ገንዘቡን ይፈልጋል። ወጣት ማዕከሉም ለኮምፒውተሮቹ ጌም ሲገዛ በዚሁ መንገድ ይግዛ። አስተባባሪዎቹ ፊት ነው የምናገረው፤ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

የዛሬዎቹ ሦስት አሸናፊዎች ከዋንጫው ጋር አንዳንድ ሃርድ ዲስክና ፖስታ ትወስዳላችሁ። ፖስታው ውስጥ ከጎግ በስጦታ የተገዛ ጌም ኮድ አለ፤ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ የተገዛ ነው። ኔትወርኩ ዛሬ ደህና ነውና ማታውኑ አውርዱት። ሦስታችሁም ወደ መድረኩ ኑ።