የመጨረሻዎቹ ወራት፦ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አርቢዎች፣ ደንበኞቻችን፣ ሥጋ ቆራጮችና እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ወንበር አለ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ከእኔ በኋላ ያቀርባል። ቁጥሩን ለእሱ ልተውና እኔ አንድ ጉዳይ ላይ ልቆይ። እኛ አርቢዎች ከብቱን እንዴት እንዳሳደግነው ለገዢው በደንብ አንነግረውም። ገዢውም መጠየቅ ያለበትን አይጠይቅም። ወደ ማኅበሩ የሚመጣው ቅሬታ አብዛኛው ካልተነገረው ነገር የሚነሳ ነው።

«በሳር ያደገ» ብሎ የማይሸጥ ዛሬ ማን አለ? ውሸት ነውም አይባልም። አብዛኛው የሥጋ ከብት ከዕድሜው የተወሰነውን መስክ ላይ ሲግጥ ያሳልፋል። ጥያቄው መጨረሻው ላይ ነው፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ። ከመታረዱ በፊት ለወራት በረት ገብቶ በእህል የደለበ ከብት ሌላ ሥጋ ይሰጣል። ስቡ ይለወጣል፣ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ከሳር ያገኘው ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ስብ እህል በበላ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ሥጋ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የሚወደው ብዙ ነው። ግን በስሙ ይጠራ።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 «በሳር ያደገ» ለሚለው ስያሜ መስፈርት አውጥቶ ነበር። ከብቱ ጡት ከጣለ በኋላ ዕድሜ ልኩን ሳርና ሌላ የቅጠል መኖ ይብላ፣ እህል አይቅመስ፣ ሳር በሚበቅልበት ወቅት መስክ ላይ ይዋል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ራሱ ሚኒስቴሩ መስፈርቱን አነሳው። ስያሜው ግን እሽጉ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሌላ አካል እስኪደነግግልን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። ዛሬ ከሰዓት የሚቀርብላችሁ የስያሜ ረቂቅ ደንብ አጭር ነው። ጡት ከጣለ እስከ ቄራ ድረስ እህል የለም። ድርቆሽ ይፈቀዳል፤ የሳር ገፈራም (ታምቆ የተብላላ እርጥብ መኖ) እንዲሁ። ፍሬ የያዘ የበቆሎ ገፈራ ግን አይፈቀድም፤ ምክንያቱም እህልን በጓሮ በር ማስገባት ነው። በድርቅ ምክንያት እህል ለማብላት የተገደደ አባል ከብቱን ይሽጥ፣ ነገር ግን በዚህ ስም አይሽጠው።

አሁን ሥራውን ወደምታውቁት ልዙር። በሳር ማሳደግ ቀላል ነው፤ በሳር ማድለብ ነው ጣጣው። ከብቱ መጨረሻ ላይ በየቀኑ ክብደት እየጨመረ መታረድ አለበት። ከሲታ ሆኖ ወይም ክብደት እየጣለ ቄራ የደረሰ ወይፈን ሥጋው ይጠነክራል። ለዚህ ደግሞ ለምለም ሳር ያስፈልጋል፤ ለምለም ሳር የሚገኘው መስኩን ያሳረፈ ሰው ጋ ነው። ከብቱ የሳሩን ግማሽ ነጭቶ ቢነሳ ሥሩ ብዙም አይጎዳም። 80 በመቶውን እስኪልስ ከተተወ ግን የሥሩ እድገት ለቀናት ቀጥ ይላል። ፈረንሳዊው የግጦሽ ተመራማሪ አንድሬ ቯዛን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጥብቆ የተናገረው ይህንኑ ነው፦ ሳሩ አገግሞ ሳይጨርስ ከብቱ አይመለስበት። መስክ ከፋፍሎ ማዟዟር ሽቦና ጉልበት ይጠይቃል፤ አውቃለሁ። ለመስክ አዲስ የሆናችሁ ደግሞ ክሎቨርና አልፋልፋ የተባሉት የመኖ ተክሎች የበዙበት እርጥብ መስክ ላይ የተራበ ከብት በድንገት አትልቀቁ። ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ላይ ለበሬውም ለባለቤቱም ይሠራል።

ቀጥሎ ቄራ። ትንሽ አርቢ ወረፋ ይጠብቃል፤ ይህ የሁላችንም ችግር ነው። ነገር ግን ሳሩ አንዴ ካለፈበት የደለበው ከብት ወረፋ እየጠበቀ ይከሳል። ቀኑ መያዝ ያለበት ከብቱ ሲደልብ ሳይሆን ከወራት በፊት ነው። ሲጫንም በእርጋታ ይጫን። ተባሮና ተደብድቦ የደረሰ ከብት በጡንቻው ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ ሥጋውም ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ላንሳ። «የሳር ሥጋ ጎማ ነው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሁላችንም ሳሩን እንጠረጥራለን። ጥፋቱ ግን የማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል። የሳር ከብት የሥጋው ሽፋን ስብ ስስ ነው። ታርዶ ወዲያው ኃይለኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተሰቀለ ጡንቻው ገና ሳይረጋ ይኮማተራል። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። አንዴ የተኮማተረ ሥጋ ደግሞ በኋላ ብታቆዩትም በቀላሉ አይለሰልስም። እንግዲህ ሁለት ዓመት የተለፋበት ከብት በአንድ ሌሊት ይበላሻል ማለት ነው። ቄራችሁን ጠይቁ። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ከ10 እስከ 14 ቀን ተሰቅሎ መቆየቱንም አረጋግጡ።

ደንበኞቻችን፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ስቡ ቢጫ ሆኖ ስታዩት «ያረጀች ላም ሸጡልኝ» አትበሉ። ከለምለም ሳር የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ካሮትን ካሮት ያስመሰለው ያው ቀለም። እሳት ላይም ቸኩላችሁ አታድርቁት። ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፤ እሳቱን ቀንሱ፣ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ፍርምባውና ቅልጥሙ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ቀስ ብለው ይንተክተኩ።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አለ፤ እዚሁ እንጨርሰው። 500 ኪሎ የሚመዝን ከብት ቆዳው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሲሰቀል በግምት 270 ኪሎ ይሆናል። ሲሰቀል ውሃው ይተናል፣ ከዚያ አጥንቱና የተረፈው ስብ ይወጣል። ቤታችሁ የሚገባው ከ170 እስከ 190 ኪሎ ገደማ ነው፤ አጥንቱን ትፈልጉት እንደሆነም ይወሰናል። አርቢው ዋጋ የሚጠራላችሁ በየትኛው ሚዛን ነው? በቁሙ? ተሰቅሎ? ተቆርጦ ታሽጎ? ይህን ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ። አርቢዎችም ሳትጠየቁ ንገሩ። በቅርጫ ሩቡን የወሰደ ሰው 45 ኪሎ አካባቢ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ 100 ሊትር ያህል የማቀዝቀዣ ቦታ ያስፈልጋል። ሽንጥ ብቻ የሚፈልግ ደግሞ ሩብ አይግዛ። ከብቱ ሽንጥ ብቻ አይደለም፤ አርቢው ወርቹን ለማን ይስጠው?

ለምን ይወደዳል ለምትሉ፣ ጊዜ ነው። በእህል የሚደልብ ከብት በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይታረዳል። የእኛው ሁለት ዓመት ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል።

ስለ ጤናና ስለ አየር ንብረት በአጭሩ ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከመጠን በላይ የምናወራ አባላት አለን። ኦሜጋ 3ቱ ከእህል ከብት ሥጋ ይበልጣል፤ ግን ከሰባ ዓሣ ጋር አይወዳደርም። መድኃኒት አስመስላችሁ አትሽጡት። በሳር የሚደልብ ከብት ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር በአንድ ኪሎ ሥጋ የሚያወጣው ሚቴን የተባለው አየር አሙቂ ጋዝ ብዙውን ጊዜ ይበዛል። በደንብ የተያዘ መስክ አፈር ውስጥ ካርቦን ያስቀምጣል፤ ያ ግን ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ የሚቆም ነው። ገዢው ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኛ ቢሰማው ይሻላል። የምንኮራበት ሌላ ብዙ አለን፦ ያልታረሰ መስክ፣ ሜዳ ላይ የሚውል ከብት፣ ስልክ ቢደወልለት የሚያነሳ አርቢ።

ረቂቁ በየወንበሩ ላይ አንዳንድ ገጽ ሆኖ ተቀምጧል። ገጹ ላይ የሚሞላው፦ ከብቱ ምን በላ፣ መቼ ታረደ፣ ስንት ቀን ተሰቀለ፣ በየትኛው ሚዛን ተሸጠ፤ ይኼው ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጋር ለገዢው ተሞልቶ እንዲሰጥ ሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ አቅርቧል። «ወረቀት በዛ» የምትሉ እንደምትኖሩ ይገባኛል። ከሻይ በኋላ ተናገሩ፣ አሻሽሉት፣ ድምፅ ስጡበት። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንተ ነው።