እጃችን እስከ የት ይድረስ?

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችን እዚህ አሜሪካ በሬስፒራቶሪ ቴራፒስትነት፣ ማለትም በመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያነት፣ የምንሠራ ነን። ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ቬንትሌተር፣ ስለ መተንፈሻ ማሽኑ፣ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ መርፌና ስለ ቱቦ ነው።

ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ የደም ናሙና መውሰድ የዘወትር ሥራችን ነው። እዚያው ደም ቅዳ ውስጥ አርቴሪያል ላይን፣ ማለትም እዚያው የሚቆይ ቀጭን ቱቦ፣ ማስገባት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያያል። አንዱ ሆስፒታል «የእናንተ ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «እንዳትነኩ» ይላል። ኢንቱቤሽንም፣ ማለትም የመተንፈሻ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ማስገባትም፣ እንደዚያው ነው። አንድ ዓይነት ፈተና ካለፉ ሁለት ባለሙያዎች አንዷ ሌሊት ቱቦ ታስገባለች። ሌላው ሐኪሙ እስኪደርስ በእጅ በሚጨመቀው አምቡ ባግ አየር እየሰጠ ይጠብቃል።

ካሊፎርኒያ በ1982 የሙያችንን የፈቃድ ሕግ አውጥታ ፈር ቀደደች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከተሏት። ሕጉ ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ሥራ አይዘረዝርም። ሕጉ የፈቀደውን ሆስፒታሉ ሊከለክል ይችላል። ሕጉ የከለከለውን ግን ሆስፒታሉ ሊፈቅድ አይችልም። ይህን ልዩነት ጠንቅቀን እንወቅ፤ ፈቃዳችን የሚነጠቀው እዚህ ላይ ስንሳሳት ነው።

እኔ የሚፈቀድልን ሥራ ይስፋ፣ እጃችን ይርዘም ከሚሉት ወገን ነኝ። ሌሊት በአይ ሲ ዩ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል) ታካሚው ትንፋሽ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነው። ነገር ግን ሰው ስላነሰ ብቻ «አንቺ ትችያለሽ፣ ግቢ» መባል ፈቃድ አይደለም።

ችሎታ የሚታየው በጥቃቅኑ ነገር ነው። ከመውጋታችን በፊት ታካሚው እጁን ይጨብጣል፤ የእጅ አንጓውን ሁለት ደም ቅዳዎች በጣታችን እንጫናለን። እጁን ሲከፍት መዳፉ ነጥቷል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ እንለቃለን። መዳፉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልቀላ ያንን እጅ እንተወዋለን። ይህ ምርመራ ብቻውን ዋስትና ባይሆንም መዝለል የለብንም። ቱቦ ስናስገባም ደረቱ ተነሳ ብለን አንረካም። በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለካው ካፕኖግራፍ ላይ በየትንፋሹ ማዕበሉ ካልታየ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ቱቦው የምግብ ቧንቧ ውስጥ እንዳለ እንቆጥራለን።

እጅ ደግሞ ይረሳል። ዓመት ሙሉ አንድ ቱቦ ያላስገባ ባለሙያ በአሮጌ ሰርተፊኬት ታካሚ ፊት መቆም የለበትም። የሥልጠናው ሰዓት ከክፍያ ጋር ሺፍት ውስጥ ይግባ፤ በዕረፍት ቀናችን የምንሸፍነው አይሁን።

ስለዚህ በየሆስፒታላችሁ ፖሊሲውን በጽሑፍ ጠይቁ። ማን እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደሚያቆም፣ ሲያቅተው ማንን እንደሚጠራ፣ ችሎታው በየስንት ጊዜው እንደሚፈተሽ ይጻፍበት። ሐኪሞችም ሲጽፉት አብረውን ይቀመጡ። «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ከሰጧችሁ፣ እስኪጻፍ ድረስ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።