ሮተሩ ላይ የተጻፈውንና ከሥሩ ያለውን መለየት

(ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ የሰዓት ጠጋኝ ጠረጴዛ፤ ጀርባቸው የተከፈተ ሁለት ሰዓቶች)

የአንደኛው ሮተር «ሴይኮ 4አር35» ይላል፣ የሌላው «ኤንኤች35»። ሮተር ማለት እጃችሁ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ግማሽ ክብ ብረት ነው። ከሥሩ ያለው ማሽን ግን አንድ ነው፦ 24 ሩቢ (ፍትጊያ የሚቀንሱ ትንንሽ ድንጋዮች)፣ በሰዓት 21,600 ምት፣ ከሞላ በኋላ 41 ሰዓት ያህል የሚሄድ። አንዱን ሴይኮ ለራሱ ሰዓቶች ያስገባዋል፣ ሌላውን ለሌሎች ሰዓት ሠሪዎች ይሸጠዋል። ሻጭ ለሮተሩ ጽሑፍ ብር ከጨመረባችሁ የገዛችሁት ጽሑፉን ነው። ሮተሩ የታሰረው በአንዲት ብሎን ስለሆነ መቀየሩ የደቂቃ ሥራ ነው።

ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ያገለገለ ሴይኮ 5 ስትገዙ፣ በተለይ በበጋ አቧራ፣ መንገድ ዳር ክዳኑን አታስከፍቱ። ጀርባው ላይ 7ኤስ26 (የቆየ የሴይኮ ማሽን) የሚል ካለ መሙያውን፣ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ ሳቡት። በዚህ ማሽን የሴኮንድ ቆጣሪው አይቆምም፤ መሙያውም መሙያ የሚባለው በስሙ ብቻ ነው፣ ቢያዞሩት አይሞላም። ሴኮንዱ ከቆመ ማሽኑ ተቀይሯል። የገባው ኤንኤች36፣ የኤንኤች35 ወንድም፣ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል፤ «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» በሚል ዋጋ ግን አትክፈሉ።

(ምስል፦ ባላንሱ በሌንስ ቀርቦ)

የስዊዘርላንድ ማሽኖች ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። ኢቲኤ 2824-2 እና ሴሊታ ኤስደብሊው200-1 ሁለቱም ስፋታቸው 25.6፣ ውፍረታቸው 4.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሩቢያቸው 25 እና 26። የተለያዩ ድርጅቶች ይገዟቸውና የራሳቸውን ስም ያስቀርጹባቸዋል። የተሰመረው ሮተርና ሰማያዊው ብሎን ዓይን ይማርካሉ፤ ሰዓቱን ግን አያስተካክሉትም።

የማሽኑን የጥራት ደረጃ የሚነግራችሁ ባላንሱ፣ ያ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ክብ ነው። መሃሉ ላይ ካለው ሩቢ በላይ ሰዓቱ ሲወድቅ ምቱን የምታበርድ ቀጭን ስፕሪንግ አለች። ክራር ከመሰለች ኢንካብሎክ ትባላለች፤ በ2824-2 ላይ የ«ቶፕ» ወይም ከዚያ በላይ ያለ ደረጃ ምልክት ናት። ቶፕ በ5 አቀማመጥ (ተኝቶ፣ ቆሞ፣ በጎኑ እየተደረገ) ተፈትሾ በቀን በአማካይ ከ4 ሴኮንድ በላይ እንዳይስት ይስተካከላል። መደበኛው በ2 አቀማመጥ፣ 12 ሴኮንድ ነው። መሃል ያለው «ኤላቦሬ» 3 አቀማመጥና 7 ሴኮንድ ነው፤ ጌጡ ያማረ ቢሆንም ባላንሱ ያው የመደበኛው ነው። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም ስዊዞች አንድ የታወቀ በሽታ አለባቸው። በእጅ ስትሞሏቸው ሮተሩ እንደ ማራገቢያ ከዞረ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር እንዲሞላ የሚያደርጉት ሁለት ትንንሽ ባለጥርስ ጎማዎች ደርቀዋል ወይም ቆሽሸዋል። መሙላቱን ወዲያው አቁሙ፤ ካልሆነ ጥርስ ይበላል። ኤንኤች35 በእነዚህ ጎማዎች ፋንታ ሮተሩ የሚያንቀሳቅሰው ሹካ መሰል ክንድ ስላለው ከዚህ ነፃ ነው። የስዊዞቹ መድኃኒት ጎማዎቹን አውጥቶ ማጠብና እጅግ ስስ ቅባት ማስነካት ነው። ጠጋኙ ሳያጥብ ከላይ ዘይት ሊያንጠባጥብ ሲል ካያችሁ አስቁሙት፤ ዘይቱ ሲበዛ ይጣበቁና ሮተሩ ጭራሽ አይሞላም።