እሺ አሉኝ

እሺ፣ የመቅጃዋ ቀይ መብራት በርታለች። ባለፈው ሳላበራት ግማሽ ሰዓት ለግድግዳው እንዳወራሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ አጭር ነው። አትሳቁ።

ያ የበፊቱ ማክሰኞ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ የሆነው ነገር አልለቀቀኝም። ሰብሳቢያችን፣ መቼም እሳቸውን ታውቋቸዋላችሁ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "የሚቀጥለውን ትምህርት አንተ ብትሰጠን?" አሉኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "ኧረ አይገባኝም፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ" አልኩ። ድምፄን ሁሉ ቀነስ አድርጌ። አዩኝ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። "እሺ" አሉ። መነጽራቸውን አወረዱና አጠገቤ ወዳለው ልጅ ዞሩ። "አንተስ?" "እሞክራለሁ" አለ። አለቀ።

እሺ! በቃ እሺ!

እኔ እኮ ቢያንስ ሁለቴ ይለምኑኛል ብዬ ነው። "ኧረ ተው፣ ካንተ ሌላ ማን አለን" የምትለዋን እየጠበቅኩ ነበር። ርዕስ ሁሉ መርጫለሁ እኮ። ርዕሱ ምን መሰላችሁ? ትሕትና።

አምነውኝ ይሁን ገብቷቸው፣ እስካሁን አላውቅም። ግን ያልኩትን ነው የተቀበሉኝ። አይገባኝም አልኩ፣ እሺ አሉ። ታዲያ ፊቴ ለምን ጋለ? እኔ ራሴ ያልኩትን ሌላ ሰው ሲስማማበት እንደ ስድብ የቆጠርኩት ለምንድን ነው?

ሉቃስ 14 ላይ ጌታ የከበሬታ ወንበር የሚመርጡትን ሰዎች ያያል። ሂድና በዝቅተኛው ስፍራ ተቀመጥ፣ የጠራህም መጥቶ "ወዳጄ ሆይ፥ ወደ ላይ ውጣ" ይልሃል። ለካ እኔ እንደ ዘዴ ነው ሳነበው የኖርኩት። ታች ተቀምጬ በር በር እያየሁ። ጠሪው ባይመጣስ? እዚያው መቅረቱ ደስ ይለኛል?

በነገራችን ላይ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ለአንድ ወጣት ሲጽፍ መንገዱ መጀመሪያ ትሕትና፣ ሁለተኛም ትሕትና፣ ሦስተኛም ትሕትና ነው ይለዋል። መነኩሴው የሲናው ዮሐንስ ደግሞ "መሰላል" በሚለው 30 ደረጃ ባለው መጽሐፉ ትሕትናን 25ኛው ላይ ያስቀምጣታል። መሠረት የምንለው ነገር 25ኛው ላይ ምን ይሠራል? ምናልባት መጀመሪያ የተጣለው መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው... አይ። ሲሉት ያምራል እንጂ የገባኝ አይመስለኝም። ተዉት።

ልጁ በዚህ ማክሰኞ አስተማረ። ወረቀቱ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ፣ ፈሪሳዊው እንደ ሌላው ሰው ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ ብሎ ሲጸልይ ቀራጩ በሩቅ ስለቆመበት ምሳሌ። "ዓይኖቹን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ አልወደደም" የምትለዋ ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋበት። ውሃ ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ያቺኑ መስመር እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እዚህ ጋ እንዲህ ብል ኖሮ እያልኩ በልቤ አርመዋለሁ። ከዚያ ነቃሁና ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ምን ብል ጥሩ ነው? "ቢያንስ እኔ ትዕቢቴን አውቄዋለሁ፣ ፈሪሳዊው ግን አላወቀም።"

ያውላችሁ እንግዲህ። እንደሱ አይደለሁም ብዬ አመሰገንኩ።

ስንወጣ ሰብሳቢያችን በሩ ላይ "የሚቀጥለውስ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። እሺ ብል ስጠብቅ ነበር ማለት ነው። እምቢ ብል ደግሞ ያው የበፊቱ... አስቤ ልደውል አልኳቸው። ይኸው ሦስት ቀን ሆነው። ስልኩ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እና...