የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የቆየ የኢትዮጵያ ቴምብር ስብስብን በጨረታ መሸጥ

ጥያቄ (ከሜሪላንድ የደወሉ አድማጭ)፦ አባቴ ከአፄ ምኒልክ ዘመን እስከ ጣሊያን ወረራ ያሉትን የኢትዮጵያ ቴምብሮች በብዙ አልበም ሰብስበው፣ በየገጹ ማስታወሻ ጽፈው አልፈዋል። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቴምብሮች ለአንድ ነጋዴ ባሳየው፣ ዋጋቸው ጥቂት ዶላር ብቻ ነው አለኝ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር እንዴት እንዲህ ይረክሳል?

መልስ፦ ነጋዴው ስለ ነጠላዎቹ የነገረዎት እውነት ነው፤ ይህ ማለት ግን የአባትዎ ስብስብ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። በፈረንሳዊው ቀራጭ በኡዤን ሙሾን ተቀርጸው ፓሪስ የታተሙት፣ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ የያዙት እነዚህ ቴምብሮች ለአውሮፓ ሰብሳቢዎችም በብዛት ስለተሸጡ፣ ያልተሠራባቸው (ደብዳቤ ላይ ያልዋሉት) ዛሬም እንደልብ ይገኛሉ። ብርቅ የሚሆነው በእርግጥ ተልኮ የደረሰ ደብዳቤ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ቴምብር እስከ ጅቡቲ ይደርስና፣ ከዚያ ወዲያ ላለው መንገድ ደግሞ በጊዜው ጅቡቲን ይገዛ የነበረው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ያስፈልገው ነበር። የሁለቱም ወገን ቴምብር፣ የሐረርና የጅቡቲ ፖስታ ቤት ማኅተም ቀናቸው ሳይደበዝዝ አንድ ፖስታ ላይ ከተገኙ፣ ያ አንድ ፖስታ ከብዙ ገጽ ነጠላ ቴምብር በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ከፖስታው ላይ ምንም ቴምብር ውኃ ነክረው አይንቀሉ፣ የቆሸሸውን አያጽዱ፣ የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ። የአባትዎን ማስታወሻም ከአልበሙ አያውጡ፤ ቴምብሩ መቼና ከማን እንደተገዛ የሚናገር ጽሑፍ ለገዥው ትልቅ ዋስትና ነው።

ጥያቄ (እኚሁ አድማጭ)፦ ላያቸው ላይ «ቦስታ» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸውም አሉ። እነዚህስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ በነዚያው ቴምብሮች ላይ በተለያየ ጊዜ ጽሑፍና አዲስ ዋጋ ተደርቦ ታትሟል፤ ርካሹን ቴምብር ገዝቶ ጽሑፉን በሐሰት መደረብ ቀላል ስለሆነም አስመሳዩ በዝቷል። አጉሊ መነጽር ይያዙና የተሠራበትን ቴምብር በደንብ ይመልከቱ፤ የተደረበው ጽሑፍ ቀለም ከፖስታ ቤቱ ማኅተም በላይ ተቀምጦ ከታየ፣ ጽሑፉ የታተመው ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ ነውና ሐሰተኛ ነው። ከማኅተሙ በታች መሆኑ ግን ብቻውን እውነተኛነትን አያረጋግጥም፤ ማኅተሙም ራሱ ይጭበረበራል። ስለዚህ ዋጋ ያላቸውን መርጠው፣ ለምሳሌ ለለንደኑ ንጉሣዊ የቴምብር ማኅበር የባለሙያዎች ኮሚቴ ወይም ለኒው ዮርኩ የፊላቴሊ (የቴምብር ጥናት) ፋውንዴሽን ልከው የእውነተኛነት ምስክር ወረቀት ያውጡ። ክፍያ አለውና ለርካሾቹ አያዋጣም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ የጨረታ ድርጅቱ ስንት ይወስዳል? ስብስቡ ይከፋፈል ወይስ በአንድነት ይሸጥ?

መልስ፦ በአብዛኛው ከሻጩም ከገዥውም ኮሚሽን ይወሰዳል። ለምሳሌ ጨረታው በ10,000 ዩሮ ቢዘጋ፣ የሻጩ ኮሚሽን 15 በመቶ የገዥው ደግሞ 20 በመቶ ቢሆን፣ ገዥው 12,000 ይከፍላል፤ ለእርስዎ የሚደርስዎት 8,500 ነው። ከዚህ ላይ የፎቶግራፍ፣ የመድንና ያልተሸጠውን የመመለሻ ወጪ የሚቀንሱም ስላሉ፣ ሳይፈርሙ ውሉን ቃል በቃል ያንብቡ። ከዚህ ዋጋ በታች አይሸጥ የሚሉትንም በጽሑፍ ያስሰፍሩ። በቴምብር ዋጋ መዘርዝር (ካታሎግ) ላይ የሰፈረው ዋጋ የጨረታ ዋጋ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከዚያ በታች ነው።

ስለ መከፋፈሉ የእኔ ምክር፣ ብርቅ ፖስታዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ተራዎቹ ቴምብሮች ግን በየዘመናቸው ተሰብስበው እንዲቀርቡ ነው። ሁሉም በአንድ ምድብ ከተሸጠ፣ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በኋላ ከፋፍሎ የሚያተርፍ ነጋዴ ነው። ጄኔቫም ሆነ የጀርመኗ ቪስባደን ይሽጡ፣ ድርጅቱ ከዚህ በፊት የኢትዮጵያን ቴምብር በዝርዝር አጥንቶ የሸጠ መሆኑን የቀድሞ ካታሎጎቹን አስመጥተው ይመልከቱ፤ የሐረርን ማኅተም የማያውቅ ገማች ብርቁን ፖስታ ከተራው ጋር ቀላቅሎ ያቀርበዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የኔ ስብስብ እዚሁ አገር ቤት ነው። ውጭ ልኬ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አስቀድመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የእርስዎ ስብስብ በቅርስነት ይያዝ አይያዝ የሚወስነው ባለሥልጣኑ እንጂ እርስዎ ወይም የጨረታ ድርጅቱ አይደላችሁም። መልሱ እስኪመጣ እያንዳንዱን ገጽ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ይህ መዝገብ ለፈቃዱም፣ ለመድኑም፣ ከጨረታ ድርጅቱ ጋር ለሚደረገው ርክክብም ያገለግልዎታል።